ስላልተሠራችው ከተማ ሥዕል

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፥ ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ፥ የወንድሜ ልጅ ከአጠገቤ ተቀምጦ በኮምፒዩተሩ መስኮት አንዲት ከተማ አሳየኝ። ግንቦቿ ከፍ ከፍ ያሉ ነበሩ፤ ከበስተኋላዋም ደንና ተራራ ተዘርግቶ ይታይ ነበረ። እኔም በሩቅ አገር ያለች እውነተኛ ከተማ መስላኝ፥ «ይህች ከተማ ወዴት ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም፥ «ጋሼ፥ የትም የለችም። ለጨዋታ ሊሠሯት አስበው መልኳን ሲሥሉ ሳሉ ገንዘባቸው አለቀና ሳይጨርሷት ተበተኑ» አለኝ።

ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የባዕድ ሰው ወሬ የሚያወራ ሰው ድምፅ አልነበረም። እርሱ ራሱ ሠዓሊ ነው። በከተማችን ለአንድ ድርጅት በእጅ ስልክ ለሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ሁለት ዓመት ያህል ሰውን፥ አውሬን፥ ቤትንና ልብስን በየመልኩ ሲሥል ከቆየ በኋላ፥ አንድ ቀን ጠዋት ጠርተው «ሥራው ቀርቷል» አሉት። የሣላቸውም ሥዕሎች ሁለት መቶ ያህል ነበሩ። በዚያ ሰሞን ወደ እኔ መጥቶ ኀዘኑን ቢነግረኝ፥ እኔ የማጽናናው መስሎኝ፥ «ያላለቀ ሥራ ከሥራ አይቈጠርም፤ እርሳውና ሌላ እንጀራ ፈልግ» ብዬው ነበረ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ቃሌ ነው።

የከተማይቱ ታሪክ እንዲህ ነው። በአሜሪካ አገር ከርት ሺሊንግ የሚባል ስመ ጥር የቤዝቦል ተጫዋች ነበረ። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ማኅበሩ ቦስተን ሬድ ሶክስ ከ86 ዓመት በኋላ የአገሩን ታላቅ ዋንጫ ሲያገኝ፥ ይህ ሰው የቍርጭምጭሚቱ ጅማት በስፌት ተይዞ፥ ደሙ በካልሲው ላይ እየታየ ኳሱን ይወረውር ነበረ። ስለዚህም በሕዝቡ ዘንድ እንደ ጀግና ተቈጠረ። ሰውዬው ግን ከኳሱ ሌላ የኮምፒዩተር ጨዋታ እጅግ ይወድ ነበረና፥ በ2006 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የራሱን የጨዋታ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ኋላም በመለያ ልብሱ ላይ በነበረው ቍጥር «38 ስቱዲዮስ» ብሎ ሰየመው።

አሳቡ ትንሽ አልነበረም። በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ እያንዳንዱ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ፥ በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ የሚጓዝበትንና የሚዋጋበትን አንድ የተረት ዓለም ሊያቆም አሰበ። የዚያም ዓለም ስም አማሉር ተባለ፤ ሥራው ለሕዝብ ሳይገለጥ ሲቆይ የሚጠራበት ስም ግን ኮፐርኒከስ ነበረ። ታሪኩን እንዲያወጣ አር. ኤ. ሳልቫቶሬ የሚባለውን ብዙ የተረት መጻሕፍት የጻፈ ደራሲ፥ መልኩንም እንዲመራ ቶድ ማክፋርሌን የሚባለውን በሥዕላዊ ታሪክ የታወቀ ሠዓሊ ጠራ። ሳልቫቶሬም ለአማሉር የ10,000 ዓመት ታሪክ አዘጋጀ። ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ሣቅሁ፤ ለጨዋታ ይህን ያህል ዘመን መቍጠር ምን ይጠቅማል ብዬ ነው። ነገር ግን ጥቂት ባሰላስል፥ የፈረሰች ግንብ ሥሎ ማን እንደ ሠራትና ማን እንዳፈረሳት የማያውቅ ሠዓሊ፥ ድንጋይ እንጂ ፍርስራሽ ሊሥል እንደማይችል አስተዋልሁ።

የሠዓሊዎቹንም ሥርዓት የወንድሜ ልጅ አስረዳኝ። በዚህ ሙያ ማንም አንድ ነገር በኮምፒዩተር ከማነጹ በፊት ንድፍ ሠዓሊው ይጠራል። የአንዲት ከተማ በር ሲያስፈልግ፥ አንዱን በር በብዙ መልክ ይሥላል፤ አንዱ ይመረጣል፥ የቀሩት ይወድቃሉ። እንግዲህ ሥራው በሰላም ቢፈጸም እንኳ ከሥዕሎቹ የሚበዙት ለሕዝብ ዓይን አይደርሱም። ሥራው ከተሰረዘ ግን የተመረጠውም ከወደቀው ጋራ አብሮ ይወድቃል።

ከአማሉር አሳቦች ሁለቱ በልቤ ቀርተዋል። አንደኛው የነፍሳት ጕድጓድ የሚባለው ነው። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ የሞተ ተጫዋች ወዲያው ተነሥቶ መጫወቱ የተለመደ ነው፤ ስለ ምን እንደ ተነሣ ግን ብዙዎቹ ጨዋታዎች ምክንያት አይሰጡም። እነዚህ ሰዎች ምክንያቱን በታሪኩ ውስጥ ፈለጉ። ኖም የሚባሉ ቁመተ አጫጭር ጠቢባን፥ ሙታንን የሚያስነሣ ጕድጓድ ሠሩ ብለው ጻፉ። ከዚህ ጕድጓድ ተነሥቶ የመጀመሪያ የሆነው ሰው ከሬሳ ክምር መካከል ይነቃል፤ ዕድሉም አስቀድሞ አልተጻፈም።

ሁለተኛው የዜማ ታሪክ ቤት የሚሉት ነው። ፌይ የተባሉት ፍጡራን የጥንት ጀግኖችን ታሪክ በቃል ብቻ አይናገሩም፤ እያንዳንዱ የአንዱን ጀግና ስምና ግብር ይዞ፥ ያንኑ ታሪክ ዘመን ከዘመን ይደግመዋል። አንዱ ቢወድቅ ሌላው በስሙ ይገባል፤ ታሪኩ ግን ከሥርዓቱ ፈቀቅ ሊል አይገባውም። ቅኔ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ የትናንቱን ዛሬ የሚያመጣ ሰው ይታፈርበታል። እነዚያ በመድገም ይኖራሉ፥ እኛ ባለመድገም እንኖራለን።

እነዚህ ሁለት አሳቦች በ2012 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር በወጣው «ኪንግደምስ ኦቭ አማሉር፥ ሬከኒንግ» በሚባለው ጨዋታ ለሕዝብ ታይተዋል። ይህ ጨዋታ አንድ ሰው ለብቻው የሚጫወተው ሲሆን፥ የሠራውም መሥሪያ ቤቱ በ2009 ዓ.ም. የገዛው በሜሪላንድ ያለ ሌላ ቤት ነበረ። ለታላቁ ለኮፐርኒከስ እንደ መቅድም ሆነ። ሰዉም ወደደው፤ በሦስት ወር ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ ተባለ።

ዳሩ ግን የመቅድሙ ትርፍ የመጽሐፉን ወጪ ሊሸፍን አልቻለም። ከዚህ አስቀድሞ በ2010 ዓ.ም. የሮድ አይላንድ መንግሥት፥ መሥሪያ ቤቱ ወደ ፕሮቪደንስ ከተማ ተዛውሮ ለ450 ሰዎች ሥራ እንዲያስገኝ ተስማምቶ፥ ለ75 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆኖ ነበረ። በ2012 ዓ.ም. በሜይ ወር መጀመሪያ ሊከፈል የሚገባው 1.125 ሚሊዮን ዶላር በቀኑ አልተከፈለም። በወሩ እኩሌታ ደመወዝ ቀረ። በሜይ 24 ቀን ሠራተኞቹ ሁሉ በኮምፒዩተር በተላከ ደብዳቤ ተሰናበቱ፤ በሁለቱ ከተሞች የነበሩት ወደ 380 ይጠጉ ነበረ። በጁን ወርም ቤቱ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ከማሳቹሴትስ ተነሥተው ከመጡት ሠራተኞች አንዳንዶቹ፥ መሥሪያ ቤቱ ሊሸጥላቸው የተዋዋለው የቀድሞ ቤታቸው እዳ ተመልሶ በራሳቸው ላይ ወደቀ።

ይህን ልለፈው አልወድም። የሥዕል ማማር ደመወዝ ያልተከፈለውን ሰው አያበላም፤ በማያውቀው ነገር የግብር ገንዘቡ ዋስ ለሆነበት ሕዝብም ካሣ አይሆንም። ከርት ሺሊንግ ራሱ ከገንዘቡ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዳጠፋ ተናግሯል። ያ ደም የነካው ካልሲም ለባንክ መያዣ ሆኖ ነበረና፥ በ2013 ዓ.ም. በጨረታ በ92,613 ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት የመሥሪያ ቤቱ አሳቦችም ለጨረታ ቀረቡ፤ ኮፐርኒከስ ግን ሳይሸጥ ቀረ። አንድ ካልሲ ገዢ ሲያገኝ የ10,000 ዓመት ታሪክ ገዢ አጣ።

ከተማይቱን ሰው ያያት በሞቷ ሰዓት ነው። ቤቱ ሊዘጋ በተቃረበበት በዚያው ወር የአገሩንና የከተሞቹን መልክ የሚያሳይ አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወጣ፤ ከተበተኑም በኋላ ከሠዓሊዎቹ አንዳንዶቹ የሠሩትን ንድፍ ለሰው አሳዩ። በ2018 ዓ.ም. ቲ.ኤች.ኪው. ኖርዲክ የሚባል ድርጅት የአማሉርን መብት ገዛ፥ በ2020 ዓ.ም.ም የፊተኛውን ጨዋታ አድሶ አወጣ። ኮፐርኒከስ ግን አልተነሣም። ሙታንን የሚያስነሣውን ጕድጓድ ያሰቡት ሰዎች ለራሳቸው ሥራ የሚሆን ጕድጓድ አላገኙም።

የወንድሜ ልጅ እነዚህን ሥዕሎች አንድ በአንድ ሲያሳየኝ፥ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት የሰምና የወርቅ ነገር ትዝ አለኝ። አንጥረኛው አስቀድሞ በሰም መልኩን ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በስፍራውም ወርቁ ይፈስሳል። ወርቁ ከገባ በኋላ ሰሙን የሚያስታውሰው የለም። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ወርቁ ሳይፈስ ቀርቶ ሰሙ ብቻውን በእጃችን አለ። ሰም ብቻውን ሲታይ ደግሞ የአንጥረኛው ጣት ያረፈበት ስፍራ ሁሉ ይታያል። ሠዓሊው የሠረዘውን መስመር፥ የለወጠውን መስኮት፥ በአንዱ ጠርዝ የጻፈውን ትንሽ ማስታወሻ አየሁ። ያለቀ ሥራ ይህን ሁሉ ይሰውራል።

በዚህ ጊዜ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የረሳሁት አንድ ነገር ተነሣብኝ። በጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ፥ ለአንድ በዓል አንድ መወድስ ቈጠርሁ። አራት ቀን በወንዝ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ፥ ስምንቱን ቤት እየመታሁ፥ ምሥጢሩን እያገላበጥሁ አዘጋጀሁት። በበዓሉ ሌሊት ግን ለመወድሱ የተጠራው ሌላ ልጅ ሆነ። እኔም አፌን እንደ ያዝሁ ነጋ። በዓሉ አለፈ፥ ቅኔውም ከበዓሉ ጋራ አለፈ። ስለ ሌላ ቀን ሊባል አይችልም ነበረና ማንም ሳይሰማው ቀረ። አሁን ላስታውሰው ብሞክር፥ ሰሙ የደረቀ ምንጭ እንደ ነበረ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ወርቁን ረስቼዋለሁ።

በማግሥቱ ፊቴ ጠቍሮ ያዩኝ መምህሬ ጠርተው ጠየቁኝ። ነገሩን ስነግራቸው አልሣቁብኝም፥ አልገሠጹኝምም። «ልጄ፥ ያልተባለ ቅኔ እርሾ ነው። እርሾ አይበላም፤ አይጣልምም» አሉኝ። ያን ዓመት ከዚያ ወዲያ የቈጠርኋቸው ቅኔዎች ሁሉ ከዚያ ካልተባለው የተሻሉ እንደ ነበሩ አውቃለሁ። እነሆ፥ ይህን ቃል ከመምህሬ የተቀበልሁ ሰው፥ የወንድሜ ልጅ ያንኑ ኀዘን ይዞ በመጣ ጊዜ እርሾውን እንዲደፋ መከርሁት።

ስለዚህ በዚያው ማታ፥ «የአንተን ሥዕሎች ደግሞ አሳየኝ» አልሁት። ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎም፥ «ጋሼ፥ ሁሉም የሉም። እርስዎ ያን ጊዜ ያሉኝን ሰምቼ በዚያው ሳምንት ማጥፋት ጀምሬ ነበር። ስልሳ ያህል ካጠፋሁ በኋላ እጄ እንቢ አለኝ» አለ።

ምን ልመልስለት እችል ነበረ? የኮፐርኒከስን ሥዕሎች ያጠፋቸው እዳ ነው፥ የእነዚህን ስልሳ ሥዕሎች ያጠፋቸው ግን የእኔ አፍ ነው። «ልጄ፥ በድዬሃለሁ፤ ያ ቃል የመምህሬ አልነበረም፥ የእኔም ሊሆን አይገባውም ነበረ» አልሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፥ «ይሁን፥ ጋሼ» አለና የቀሩትን ይከፍትልኝ ጀመረ። እስከ እኩለ ሌሊት አንድ በአንድ አየናቸው። አንዲት አሮጊት ከነምርኵዟ፥ አንድ ባለ ሁለት ራስ ጅብ፥ በገደል ላይ የተንጠለጠለ የገበያ ስፍራ ነበረ። ያችን አሮጊት በአሥራ አንድ መልክ ሥሏታል፤ በሰባተኛው ላይ የሟች እናቱን ፊት አየሁ። ይህን አልነገርሁትም፥ እርሱም ያውቀዋል።

በቤታችሁ ወይም በዘመዳችሁ ቤት ያላለቀ የእጅ ሥራ፥ ያልተፈጸመ ጽሑፍ፥ ያልተሠራ ቤት ንድፍ የያዘ ሰው ሊኖር ይችላል። እንዲጨርሰው አታስገድዱት፤ የማይጨረስበትን ምክንያት ከእናንተ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ቍም ነገር የለውም ብላችሁም አትንገሩት። አብራችሁት ተቀመጡና እንዲያሳያችሁ ለምኑት። እኔ ስልሳውን ሳላይ ቀርቻለሁ፤ መቶ አርባውን ግን አይቻለሁ።