ለሰው የሚለምን

ለራሱ የሚለምን ሰው ኀፍረቱን ረኃቡ ይሸፍንለታል። ለሌላ የሚለምን ግን ጠግቦ እንደሚለምን ስለሚቈጠር ኀፍረቱን የሚሸፍንለት የለም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በገርጂ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በሚረዳ አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ስድስት ወጣቶች በጥቂት አበል ደረሰኝና ሣጥን ይዘው በየሱቁና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቆማሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ኑሮ ሲከብድ፥ ቀድሞ መቶ ብር ይሰጥ የነበረው ዐሥር መስጠት፥ ዐሥር ይሰጥ የነበረውም «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ማለፍ ጀመረ።

እኔም ትጋት የሚጨምር መስሎኝ፥ ማታ ማታ ሣጥኑ ሲከፈት የእያንዳንዱን ድምር በሁሉ ፊት ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፥ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ደጅ ቆማ የዋለች ልጅ 83 ብር አስገባች። አነበብሁት። የሳቀ አልነበረም፤ እርስዋ ግን ሣጥኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠችና በማግሥቱ ቀረች።

ቤትዋ ድረስ ሄድሁ። እናትዋ ቡና ሲያቀርቡልን ልጅቱ፥ «ጋሼ፥ በጠዋት አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ‹ሌባ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ማታ ቁጥሩን ሲያነቡት እርስዎም ያንኑ የደገሙብኝ መሰለኝ» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በከተማችን ምሥራቅ፥ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ያቋቋሙት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ። ብዙ ሰው ሠርጉንና ልደቱን፥ የዘመዱንም ሙት ዓመት ሳይቀር፥ እዚያ ሄዶ አረጋውያኑን በማብላት ያስባል፤ ሰጪው የሚጐርሰውን ሰው ፊት ያያል ማለት ነው። የእኔ ሰብሳቢዎች ግን ከሣጥኑ በቀር ያዩት አልነበረም። እዚያው ገርጂ ያሉትን የራሳችንን አረጋውያን እንኳ ወስጄ አላሳየኋቸውም፤ የሥራ ብዛት ነው አልልም፥ አላሰብሁበትም።

ከዚያ ወዲህ ዱቄቱንና ዘይቱን ለየቤቱ የሚያደርሱት ራሳቸው ሆኑ። የተሰደበም ቢኖር ሣጥኑ ሳይከፈት በፊት ተቀምጦ ይናገራል።

ኅዳር 27 ቀን እኔም ሣጥን ይዤ ከልጅቱ ጐን ቆምሁ። አንድ የመሥሪያ ቤቴ ባልደረባ ሲመጣ ባየሁ ጊዜ ሣጥኑን ወደ ካፖርቴ ሥር ሳስጠጋው፥ «ከፍ አድርገው ይያዙት፥ ጋሼ» አለችኝ። ማታ የእኔን ሣጥን የቈጠረችው እርስዋ ነበረች፤ ድምሩን በመዝገቡ ጻፈችና ሳታነበው ዘጋችው።