ከላንቴ፤ የሶቪየት ወተት

ጥር 9 ቀን 2017

መብራት ስለሌለ በስልኬ የላትቪያዊቷን የኖራ ኢክስቴናን «የሶቪየት ወተት» እያነበብሁ አመሸሁ። እናቲቱ ሐኪም ናት። በ1969 እ.ኤ.አ. ሪጋ ውስጥ ሴት ልጅ ትወልድና፣ ወተቴ ይመርዛታል ብላ አምስት ቀን ትጠፋለች። ጡቷ ሲደርቅ ትመለሳለች። ልፈርድባት ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን የራሷን አንደበት ሰማሁ። አንዴ እናት፣ አንዴ ልጅ ነው የሚተርኩት። የሁለቱም ስም አይጠራም።

ጥር 13

ሙዝ የሚጭነው አይሱዙ ዘግይቷል። ጎረቤቴ እማማ ጥጥ እየፈተሉ ነበርና ታሪኩን አጫወትኳቸው። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሹረው ለቀቁት፤ ክሩን በዓይናቸው ተከትለው፦

«አምስት ቀን? እኛ እኮ በደርግ ጊዜ፣ በአምራቾች ማኅበር፣ በሦስተኛው ወር አዝለን አረም ወጥተናል። ሥራው በነጥብ ነው፤ የቀረ ነጥብ የለውም። ሲያለቅስ ጥግ ይዘሽ ታጠቢያለሽ፣ ጸሐፊው ያይሻል።»

ሙዝ የምትቆጥረው ልጃቸው ቀና አለች። «እማዬ፣ ይህን አንድም ቀን ነግረሽን አታውቂም።»

«መች ጠየቃችሁኝ!»

ጥር 15

መጽሐፉ በበርሊን ግንብ መፍረስ ያልቃል፤ በእኛ ጥቅምት 30 ቀን 1982። አራት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲል አወጀ። ገበሬው ብዙ አላመነታም፤ በየቦታው የማኅበሩን መሬትና በሬ ተከፋፍሎ ወደየማሳው ገባ።

ስለ ደርግ ዘመን የጻፉልን በብዛት የታሰሩትና የተዋጉት ናቸው። ሕይወት ተፈራ ስምንት ዓመት ታስራ «ማማ በሰማይ»ን ሰጥታናለች፤ እሰየው። ወደ እስር ቤት ስንቅ ያመላለሰችው እናት ግን በየመጽሐፉ በር ላይ እንደቆመች ናት። በቀይ ሽብር ጊዜ ሳህኑ እንደሞላ ሲመለስላት መርዶው ያ ነበር፤ አልቅሳ እንኳ እንዳትወጣላት ለቅሶ ተከልክሏል። ቤት ስትገባ ለትንሿ ልጇ ምን አለቻት? እኔ ከማነበው ልብ ወለድ የምፈልገው ይህን ነው።

ጥር 18

የእማማ ልጅ መጽሐፉን ልዋስ አለች። በእንግሊዝኛ ነው ብላት፣ «እንግዲያው ተርጉመህ አውራልኝ» ብላ በርጩማ ሳበች። ትምህርት ቤት የሚታደለው ወተት ልጅቷን እንዴት እንደሚያቅለሸልሻት ጀመርኩ። እማማ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ቆይ፣ እናቲቱስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«እንዳትነግራቸው!» አለች ልጃቸው።