የሁለት ጠመንጃዎች ክርክር

በሐዲያና በከምባታ አገር የጠመንጃ ነገር ሲነሣ ዝም የሚል ሽማግሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሆሣዕና ከተማ ቆርቋሪ ራስ አባተ ቧያለው በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ውጊያ በመድፍ አተኳኮሳቸው የተመሰገኑ ሰው ስለ ነበሩ፥ ነገሩ ከዚያ የተወረሰ ሳይሆን አይቀርም እያልን እንቀልዳለን።

በቤተ ዘመዳችን ሁለት ተከራካሪዎች ነበሩ። ታላቅየው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወታደር ስለ ነበሩ ከአሜሪካ የመጣውን ኤም ዋን ያወድሳሉ፤ የቃኘው ሻለቃ ልጆች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በኮርያ የተዋጉበት መሣሪያ ነውና። ታናሽየው በደርግ ጊዜ የሶቪየቱን ሲሞኖቭ ታጥቀው የኖሩ ናቸው። «ጋሼ፥ ያ የእርስዎ ብረት ትከሻ ይሰብራል» ይላሉ። «ያንተ ጥይት ደግሞ ወንዝ ሳይሻገር ይደክመዋል» ይመለስላቸዋል። ሁለቱም ጠመንጃዎች ምላጭ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሰው ራሳቸውን የሚያጎርሱ ናቸው።

እኛም ክርክሩን በውድድር ደንብ መዝነን ማየት ወደድን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተግባር ተኩስ ማኅበር፥ ተኳሹ ያገኘውን ነጥብ በፈጀው ሰኮንድ ያካፍላል። የዒላማውን መካከል የመታ 5 ነጥብ ያገኛል። ከመካከሉ ወጣ ያለ እንደ ሆነ ግን የጥይቱ ጉልበት ይታያል፤ ብርቱው ጥይት 4 ሲያገኝ ደካማው 3፥ ዳር ላይም ብርቱው 2 ሲያገኝ ደካማው 1 ብቻ ያገኛል። የኤም ዋን ጥይት ከብርቱዎቹ፥ የሲሞኖቭ ከደካሞቹ ወገን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ጉልበት የሚጠቅመው መካከሉን ለሳተ ሰው ነው። ታላቅየው ዘመዳችን «ወንድ አንድ ጥይት ይበቃዋል» እያሉ ሲፎክሩ፥ ሳያውቁት ለታናሽየው ጠመንጃ ይሟገቱ ነበር፤ መካከሉን ሁልጊዜ የሚመታ ሰው በሲሞኖቭ አንዲት ነጥብ አይቀርበትምና።

የቀረው የአጎራረስ ጉዳይ ነው። ኤም ዋን ስምንቱን ጥይት ከያዛቸው ብረት ጋራ ባንድ ግፊት ይጎርሳል፤ ስምንተኛው ሲተኮስ ባዶው ብረት ጭል ብሎ ይወረወራል። (አውራ ጣቱን ቶሎ ያላነሣ ሰው በመዝጊያው መነከሱን አይረሳም።) ሲሞኖቭ 10 ጥይት ይይዛል፤ ጥይቶቹ ግን ከቀጭን ብረት ላይ በጣት እየተገፉ ይገባሉ። እንግዲህ ዳኛው 10 ተኩስ ቢያዝና ሁለቱም ሁሉንም መካከል ቢመቱ፥ በ20 ሰኮንድ የጨረሰው ሲሞኖቭ 2.5 ያገኛል፤ ኤም ዋን ለማጉረስ አራት ሰኮንድ ቢጨምር ወደ 2.08 ይወርዳል። 16 ተኩስ ቢታዘዝ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ማጉረስ ግድ ስለሚሆንባቸው፥ ፈጥኖ የሚጎርሰው ኤም ዋን ብልጫ ያገኛል። ስለዚህ አሸናፊውን ገና ተኩስ ሳይጀመር ቁጥሩን የወሰነው ዳኛ መርጦታል ማለት ነው።

ለእኛ አገር ግን፥ ዒላማው በእንሰት ተክል መካከል ብቅ እያለ የሚሰወር ከሆነ፥ ቀለል ያለውን ሲሞኖቭ እንመርጣለን፤ ታላቅየው ቢሰሙን ባይወዱትም።