ማንን ፈርተህ ነው?

ወዳጆቼ፣ በቋንቋችን ሰንጢ የሚለው ቃል መልካም ስም የለውም። ቢላ የእናት ነው፤ ከማጀት አይወጣም። ካራ የበዓል ነው፤ ከብት ይታረድበታል። ሰንጢ ግን የዱርዬ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጥሩ ሰንጢ አመራረጥ ላወራችሁ ስነሣ፣ አንዳንዶቻችሁ የያዛችሁት የወጣቶች መጽሔት መሆኑን ለማረጋገጥ ሽፋኑን ገልብጣችሁ ብታዩ አልቀየማችሁም።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። የምሠራው በዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። በአንድ ፈረቃ ስንት ካርቶን እንደምከፍት ቆጥሬ አላውቅም፤ የፕላስቲክ ማሰሪያ እበጥሳለሁ፣ በዕቃ ላይ የተጠቀለለ ላስቲክ እቀዳለሁ። ከሥራ ስወጣ ሰንጢዬም አብሮኝ ይወጣል። ፖም እልጥበታለሁ፣ ገመድ እቆርጥበታለሁ። ለወጣቶች ክፍል አዲስ ወንበር በካርቶን የመጣ ቀን የሚጠሩት እኔን ነው።

ለብዙ ጊዜ የያዝኩት ኦፒኔል ቁጥር 8 ነበር። ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ ሰው በ1890 በፈረንሳይ፣ በሳቮይ ተራሮች መሥራት የጀመረው የገበሬ ሰንጢ ነው። እጀታው እንጨት፣ ስለቱ ስስ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አንድ ጥሩ ነገር መግዛት ፈለግሁና ለ15 ወራት በየወሩ 30 ዶላር ለብቻ አስቀመጥኩ። 450 ዶላር ሆነ።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው፣ "የእህትህ የትምህርት ቤት ክፍያስ?" የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ "ማንን ፈርተህ ነው?" የሚል።

ሁለቱንም ጥያቄዎች ለእናንተ ላስተላልፍ። ውድ ሰንጢ የሚገዛ ወጣት ስለ ብረት ዓይነት ከመጠየቁ በፊት ለእነዚህ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ለመጀመሪያው መልስ ነበረኝ። የእህቴ ክፍያ በየወሩ ቀድሞ ይላካል፤ 30ው ዶላር የወጣው ከእኔ ከምሳና ከቡና ነው። ገንዘቡ ከሌላ ሰው ድርሻ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ ወዳጆቼ፣ የ20 ዶላሩ ኦፒኔል ፖሙን ያለ አንዳች ችግር ይልጣል። ሥራችሁም ካርቶን መክፈት ብቻ ከሆነ፣ ስለቱ የሚቀየረው ተራ የካርቶን መቁረጫ ይበቃችኋል። በሰው ፊት ለማውጣት ብቻ የሚገዛ ሰንጢ በጣም ውድ ነው፤ ዋጋው 50 ዶላር ቢሆን እንኳ።

ለሁለተኛው፣ "ማንንም አልፈራሁም፤ የምቆርጠው ካርቶን ነው" አልኳት። ሳቀች፤ ግን እስከ ዛሬ ያመነችኝ አይመስለኝም። እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። ሰንጢ ኪሳችሁ ሲገባ ልባችሁ የሚደፍር፣ በምሽት መንገድ ደረታችሁ የሚነፋ ከሆነ አትግዙ። ሰንጢ ጠብ አያበርድም፤ የቡጢውን ጠብ ወደ ሆስፒታልና ወደ እስር ቤት ይወስደዋል። እኔ ኪሴ ውስጥ እያለ ሰው ቢሰድበኝ እንደሌለኝ ሆኜ እሄዳለሁ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ሊይዘው አይገባም።

እነዚህን ሁለት በሮች ካለፋችሁ ወደ ምርጫው እንግባ።

መጀመሪያ የምታዩት መቆለፊያውን ነው። ተጣጣፊ ሰንጢ በሥራ መካከል ድንገት ቢታጠፍ የሚያርፈው ጣታችሁ ላይ ነው። ኦፒኔል ከ1955 ጀምሮ በአንገቱ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት አለው። ቤንችሜድ ከ1998 ጀምሮ በስፕሪንግ የሚገፋ አግዳሚ ዘንግ ይጠቀማል፤ ከሁለቱም ጎን ስለሚከፈት ለግራኝ ይመቻል። ክሪስ ሪቭ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ያመጣው ዘዴ ደግሞ ከሁሉም ቀላል ነው፤ የቲታኒየሙ እጀታ አንድ ጎን ራሱ ተሰንጥቆ እንደ ስፕሪንግ ወደ ውስጥ ይገባና የስለቱን ጭራ ይደግፋል። አጥብቃችሁ ስትጨብጡት የራሳችሁ ጭብጥ መቆለፊያውን ያጠናክረዋል። ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ ሰንጢውን ክፈቱ፣ ጣታችሁን ከስለቱ መንገድ አርቁ፣ የስለቱን ጀርባ በመጠኑ ተጫኑት። ከተነቃነቀ መልሱት።

ሁለተኛው የስለቱ ቅርጽ ነው። ብዙ ሰው ስለ ብረቱ ስም ይከራከራል እንጂ ውፍረቱን አያይም። ጫፉ አካባቢ ስስ የሆነ ስለት ፖምን ይቆርጣል፤ ወፍራም ስለት ፖምን ይሰነጥቃል። ርካሹ ኦፒኔል ከብዙ ውድ ሰንጢዎች የተሻለ የሚቆርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋ ሁልጊዜ ስለት አይደለም።

ሦስተኛው አረብ ብረቱ ነው። እዚህ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። በጣም ጠንካራ ብረት ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን ሊሸረፍ ይችላል፣ ለመሳልም ያስቸግራል። ለስላሳው ቶሎ ይደንዛል፤ ግን በጥቂት ደቂቃ ይሳላል። የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ 56 ገደማ ነው፤ ማንም ሰው በተራ ድንጋይ ይስለዋል። በ2001 የወጣው ኤስ30ቪ 4 በመቶ ቫናዲየም ስላለው ብዙ ካርቶን ቆርጦም አይደክምም፤ ሲደነዝ ግን የአልማዝ መሳያ ቢኖራችሁ ይሻላል። ላሪን ቶማስ የተባለው የብረት ተመራማሪ ያዘጋጀውና በ2021 የወጣው ማግናከት ደግሞ ዝገትን መቋቋምን፣ አለመሸረፍንና ስለት መያዝን በጥሩ ሚዛን አዋሕዷል። መሳል የማትፈልጉ ከሆነ ግን የትኛውም ብረት አይጠቅማችሁም። እናቴ ቢላዋን በድንጋይ ላይ እየሳለች ዓመታት አሳልፋለች፤ ከስንት ብረት እንደተሠራ ጠይቃ አታውቅም።

አራተኛው አከፋፈቱና አያያዙ ነው። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጎልደን ከተማ ያለው ስፓይደርኮ በ1981 በስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ በእጀታው ላይ ደግሞ ኪስ የሚይዝ ክሊፕ ያለው ሰንጢ አወጣ። አውራ ጣት ቀዳዳው ላይ ያርፍና ስለቱ በአንድ እጅ ይከፈታል። በሌላው እጅ ዕቃ ለያዘ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አምስተኛውን ማንም መዝለል የለበትም፤ ሕጉ ነው። በኮሎራዶ ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም 9 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የሚበልጥ ስለት ሸሽጎ መያዝ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ለአደንና ለዓሣ ማጥመድ ካልሆነ በቀር። ሌላው ግዛት ሌላ ሕግ አለው። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠና የማይቆለፍ ተጣጣፊ ካልሆነ በስተቀር ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ አይፈቀድላችሁም። ጀርመን ያላችሁም በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ ተገቢ ምክንያት ይዛችሁ መሄድ አትችሉም። ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ የአውሮፕላን መንገደኞች ክፍል ከሰንጢ ጋር አይገባም። ፖሊስ ካስቆማችሁ ደግሞ እጃችሁን ወደ ኪስ አትስደዱ፤ እጃችሁ እየታየ ሰንጢ እንዳላችሁ በአፋችሁ ተናገሩ። ጥቁር ወጣት ሆኖ በዚህ አገር ለሚኖር ይህ ትንሽ ምክር አይደለም።

እኔ የመረጥኩት የክሪስ ሪቭን ሰበንዛ ነው። የሚሠራው ቦይዚ፣ አይዳሆ ነው፤ ስሙ ግን ዙሉ ነው፣ "ሥራ" ማለት። ትልቁ ስለቱ ከ3.5 ኢንች ስለሚያልፍ ትንሹን ወሰድኩ፤ እሱ 3 ኢንች ገደማ ነው፣ ስለቱም ማግናከት። በእጄ ሳገላብጠው ትርፍ ነገር አላየሁበትም። ብሎኖቹ ተፈትተው ይጸዳሉ፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ልክ እንደ ጥሩ በር ነው። ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ከነታክሱ ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም።

ከ20 ዶላሩ በ20 እጥፍ የተሻለ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አይደለም። ከተወሰነ ዋጋ በላይ የምትከፍሉት ለአቆራረጡ ሳይሆን ለአሠራሩ ጥንቃቄ ነው። ያ ጥንቃቄ ግን በየቀኑ እጄ ላይ አለ። የቸኮለ ሰው ያልሠራውን ዕቃ ስይዝ፣ እኔም ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ ስደረድር ልወረውረው አልደፍርም። ይህን ያስተማረኝ ሰንጢው ብቻ ነው አልልም፤ ያስታውሰኛል ግን።

ኦፒኔሉን አልጣልኩትም፤ ማጀት ገብቶ ሽንኩርት እየከተፈ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው። ላብና ጭማቂ ሲነካው ጥረጉት፤ ማጠፊያው ላይ አንዳንዴ አንድ ጠብታ ዘይት ጣሉበት፤ ሳይደነዝ ሳሉት፤ የደነዘ ስለት ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ያንሸራትትና እጅ ይቆርጣል። ሕፃናት ባሉበት ክፍት አታስቀምጡት። ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ "እስቲ አንዴ" ብለው ከጠየቋችሁ ደግሞ፣ አጥፋችሁ፣ እጀታውን ወደ እነሱ አድርጋችሁ አቀብሉ።