ለልጄ፣ ሃንጋሪ ከመሄድሽ በፊት



  የምጽፍልሽን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ነገር ግን በስልክ ስናወራ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» እያልሽ ታሳጥሪብኛለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ፊደል ያስቆጠርኩሽ ለእንዲህ ያለ ቀን ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሃንጋሪ ሄደሽ ቅርጫት ኳስ ልትጫወቺ መሆኑ ከተሰማ ወዲህ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ደብሊው ኤንቢኤ አልገባችም እንዴ?» አንዷማ ለቅሶ የደረሰች ይመስል እጄን ይዛ «አይዞሽ» አለችኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሂሳቡን ነገርኳት። በአንደኛው ዲቪዚዮን ብቻ የሴቶች ቡድን ያላቸው ኮሌጆች ከ350 በላይ ናቸው። በ2025 ሚያዝያ በደብሊው ኤንቢኤ የተጫዋቾች ምርጫ ምሽት የተጠራው ስም 38 ነው። ሊጉ በዚያ ዓመት 13 ቡድን ነበረው፤ አንድ ቡድን ቢበዛ 12 ተጫዋች ይይዝ ነበር፤ ሲባዛ 156 ወንበር። አብዛኛው ወንበር ደግሞ ሰው ተቀምጦበታል። ስማቸው ከተጠራው ውስጥ እንኳ ውድድሩ ሳይጀመር ተቀንሰው ሻንጣቸውን ይዘው የተመለሱ አሉ። ሴትዮዋ ሰምታኝ ሰምታኝ «ታዲያ ሃንጋሪ ደሞ ማን ኳስ ይጫወታል?» አለችኝ።

አዲስ አበባ ያለው አጎትሽ ቢሰማት ይጣላት ነበር። ዜናውን ስነግረው «የፑሽካሽ አገር!» ብሎ ጮኸ። እግር ኳስ ሳይሆን ቅርጫት ኳስ ነው ብለውም ደስታው አልቀነሰም። እኔ ግን ለሴትዮዋ የመለስኩላት በጋቢ ዊልያምስ ነው። ኔቫዳ የተወለደች፣ ከዩኮን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር በ2016 የኮሌጁን ዋንጫ ያነሳች፣ በ2018 ምርጫ አራተኛ የተጠራች ልጅ። ሾፕሮን በምትባል፣ ኦስትሪያ ድንበር ላይ ባለች የሃንጋሪ ትንሽ ከተማ ተጫውታለች። በ2022 ያ ቡድን ኢስታንቡል ድረስ ሄዶ ፌነርባቼን በገዛ ከተማው አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። እሷው ናት ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ለፈረንሳይ ተሰልፋ በመጨረሻዋ ቅጽበት ያገባችው። እግሯ መስመሩን ባይነካ ኖሮ ሦስት ይሆንና ከአሜሪካ ጋር እኩል ይወጡ ነበር፤ ሁለት ሆነና 67 ለ66 ተሸነፉ። አብረን ነው ያየነው፤ አንቺ ሶፋው ላይ ወጥተሽ ነበር።

ዳያና ቶራሲንም ሳልጠቅስ አላለፍኩም። እሷን የሚያህል ተጫዋች በ2015 የአሜሪካን ውድድር ሙሉ በሙሉ ትታ ያረፈችው፣ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደሞዝ የሚከፍላት የሩሲያው ክለቧ «እረፊልን» ብሎ እዚህ ከምታገኘው የበለጠ ስለከፈላት ነው። እዚህ የምታገኘው ከ110 ሺህ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ውጭ አገር መጫወት የተሸነፈ ሰው መሸሸጊያ ነው የሚልሽ ካለ የዚህን ስፖርት ሴቶች ታሪክ አያውቅም። እንጀራቸውን ለዓመታት የበሉት እዚያ ነው።

ይህን ያህል ስለ ሰው አፍ። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ኮሌጅ ውስጥ የቤት ልጅ ነበርሽ። ጉልበትሽን ስትታመሚ የቡድኑ ሐኪም በር ድረስ ይመጣ ነበር። ስትሸነፉ ተማሪው አብሮሽ ያዝን ነበር። ከ2021 ወዲህ በስማችሁ ገንዘብ ማግኘት ስለተፈቀደ፣ የጫማና የመጠጥ ማስታወቂያው ሲመጣ የሚያነብልሽም የሚመክርሽም የኮሌጁ ሰው ነበር። ሃንጋሪ የምትሄጂው ግን «የውጭ ተጫዋች» ተብለሽ ነው። ክለቡ ለውጭ ተጫዋች የተፈቀደለት ቦታ ጥቂት ነው፤ ቡድኑ ሦስት ጨዋታ ቢሸነፍ መጀመሪያ የምትታየው የአገሩ ልጅ አይደለችም፤ በደሞዟ የምትበልጠው እንግዳዋ ናት። ይህን ክፋት አድርገሽ አትይው። ለሥራ የመጣ ሰው የሚለካው በሥራው ነው።

እኔ ቤይሩት ስሄድ ያንቺ ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ስለዚያ ብዙ አልነገርኩሽም፤ ልነግርሽም አልፈልግም ነበር። ውል ያሉኝ አንድ ገጽ ዐረብኛ ነው። «እዚህ ጋ ፈርሚ» አሉኝ፤ ፈረምኩ። ፓስፖርቴ ኤርፖርት ላይ ከእጄ ወጥቶ አሠሪዬ እጅ ገባ፤ እሷም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደሞዝ «የኤጀንሲው ነው» ብላ አስቀረችው። ከፋላ በሚሉት አሠራር የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአንድ አሠሪ ስም ስለሚታሰር፣ ቤቱን ጥላ ብትወጣ ሕገወጥ የምትባለው ሠራተኛዋ ናት። አቤት የምልበት ቦታ አልነበረኝም፤ ቢኖርም ውሌ ምን እንደሚል አላውቀውም።

ያንቺ ከኔ ጋር እንደማይመሳሰል አውቃለሁ። አንቺ አፓርታማ፣ መኪና፣ የደርሶ መልስ ቲኬት ተጽፎልሻል፤ የወኪልሽንም ክፍያ ክለቡ ይችላል። ቢሆንም ሁለታችንም ባሕር ተሻግረን ጉልበታችንን የሸጥን ሴቶች ነን። ስለዚህ ውልሽን ስትልኪልኝ አንድ ገጽ ሳልዘል፣ እየቆየሁ፣ መዝገበ ቃላት እያየሁ አነበብኩት። ያልወደድኳቸውን ልንገርሽ።

ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው የከተማው ፍርድ ቤት ነው ይላል። አይሆንም። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ በ2007 ያቋቋመው፣ መቀመጫው ጄኔቭ የሆነ የቅርጫት ኳስ የግልግል ዳኝነት አለ፤ ተጫዋቾቹ ባት ይሉታል። ደሞዙን የተከለከለ ተጫዋች እዚያ ያመለክታል፣ ጉዳዩ በእንግሊዝኛ ይታያል፣ የተፈረደበት ክለብ ካልከፈለ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ፊባ ሊያግደው ይችላል። ክለብ ከፍርድ ቤት ይልቅ ይህን ይፈራል። ግን ባት የሚያይልሽ ውሉ ውስጥ ስሙ ተጽፎ ከተገኘ ነው። አንቺ ውል ላይ የለም። ወኪልሽ «የተለመደ ነው» ካለሽ፣ ለማን የተለመደ እንደሆነ ጠይቂው።

ሁለተኛ፣ የጤና ምርመራው። «ተጫዋቿ ምርመራውን ካላለፈች ውሉ ይፈርሳል» ይላል፤ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያልቅ ግን አይልም። በደረስሽ በሦስት ቀን ወይም በአምስት ቀን ብለው ይገድቡት። ሳይገደብ ከቀረ፣ ታኅሣሥ ላይ ኳስ እምቢ ያለሽ ቀን የጉልበትሽን ነገር ያነሱብሻል። ሜዳቸው ላይ ብትጎጂም ደሞዝሽ እስከ መጨረሻው እንደሚቀጥል በግልጽ ይጻፍ።

ሦስተኛው ግብር ነው፤ ይሄ እኔንም ራሴን አዙሮኛል። ደሞዝሽ «የተጣራ» ነው ሲሉ የሃንጋሪውን ግብር ክለቡ ይከፍላል ማለት ነው፤ የአሜሪካው ግን ያንቺ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ብትሠራ ገቢሽን አሳውቂ ትላለች። ውጭ የተገኘን ገቢ ከግብር ለማስቀረት አንዱ መንገድ ከ12 ተከታታይ ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ነው፤ ያንቺ ውድድር በጸደይ ስለሚያልቅ አይሞላልሽም። ስለዚህ ክለቡ ግብርሽን የከፈለበትን ማስረጃ በጽሑፍ ይስጥሽ። ሌላ አገር የከፈልሽው የሚቀነስልሽ በዚያ ወረቀት ነው።

ፓስፖርትሽን ለመኖሪያ ፈቃድ ማስገቢያ ይጠይቁሻል። አብረሻቸው ሂጂ፤ ጉዳዩ እንዳለቀ ተቀበያቸው። «እኛ ጋ ይቀመጥልሽ» የሚል ሰው ምንም ያህል ደግ ቢሆን እምቢ በይው። ይሄን አንዱን ለኔ ስትይ።

ስለ ኳሱ እናት ምን ታውቃለች ትያለሽ። ከዳር ተቀምጦም ይለመዳል፤ ስንት ጂም ውስጥ እንጨት ወንበር ላይ ወገቤን ያሳመምኩት በከንቱ አይደለም። ኮሌጅ 30 ሰከንድ ነበራችሁ፤ እዚያ 24 ነው፤ ኳሱን እያነጠርሽ ማሰብ የለም። ሲከቡሽ ወደ ዳኛው ዞረሽ በሁለት እጅሽ እረፍት የምትጠይቂው ልማድም ቀርቷል፤ በፊባ ሕግ እረፍት የሚጠይቁት አሠልጣኞች ብቻ ናቸው። ደግሞ የመጀመሪያ እርምጃሽ። ኳሷ ከእጅሽ ሳትወጣ የቆምሽበትን እግር ታነሺያለሽ፤ እዚህ አይተው ያልፉሻል፣ የአውሮፓ ዳኞች ግን እንደማያልፉት ወንድምሽ ነግሮኛል። ባለፈው ክረምት ብትለማመጂው ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጊዜ አለ።

ሻንጣሽን እኔ ነኝ የማዘጋጀው። የብሪትኒ ግራይነር ነገር ከልቤ አልወጣም። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሳለች በ2012 አርባ ተጫውታ አርባ ያሸነፈች፣ ሩሲያ ለዓመታት ያከበሯት ልጅ፣ የካቲት 2022 ሞስኮ ኤርፖርት ላይ ሻንጣዋ ውስጥ የካናቢስ ዘይት ተገኘ ተባለ፤ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባት፤ በእስረኛ ልውውጥ የወጣችው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሃንጋሪ ሩሲያ አይደለችም፤ አውቃለሁ። ግን ሻንጣ ከፋች ዝናሽን አይጠይቅም። የራስሽ ያልሆነ ዕቃ «አድርሺልኝ» ቢሉሽ አትቀበዪ። መድኃኒትሽን ከነማሸጊያው፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ያዢ። በርበሬና ሽሮ እጭንልሻለሁ። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን አይሆንም፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። ሲርብሽ ባቡር ተሳፍረሽ ቪየና ሂጂ፤ እዚያ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ።

ደሞዝሽ ሲገባ የዘመድ ስልክ ይበዛል። እኔ ቤይሩት ሳለሁ የላክሁትን ብሰበስበው ቤት ይሠራ ነበር፤ አልጸጸትም፣ ግን አንቺ ላይ እንዲደገም አልፈልግም። የመጀመሪያውን ደሞዝ ለአያትሽ የወደድሽውን ያህል ላኪ፣ ምርቃቷን ተቀበዪ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅሽን ሁሉ «እማዬን ጠይቁ» በይ። እኔን ያውቁኛል፤ አይደፍሩም። ለኔ ምንም እንዳትልኪ። የዚህ ሥራ ዕድሜ አጭር ነው፤ ገንዘቡን ለጉልበትሽ ማብቂያ ቀን አስቀምጪው።

አባትሽ ቢኖር በኩራት ሰፈሩን ያስጨንቅ ነበር። እኔም እኮራለሁ፤ ብቻ ኩራቴ ፍርሃት ስለሚቀላቀልበት ቁጣ ይመስላል፤ እንዳትቀየሚኝ። እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ፤ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ሕመም ትጠብቅሽ።

ባትን ሳታስገቢ እንዳትፈርሚ። የጨዋታ ፕሮግራሙም እንደወጣ ላኪልኝ፤ ከሥራ ፈቃድ የምጠይቀው በዚያ ነው፤ የገና ሰሞን ደግሞ ቶሎ ካልተጠየቀ አይገኝም።

እናትሽ