ሐኪሙ ለምን ቴሌቪዥን ያያል?

አንባቢ ሆይ! የሐሞት ጠጠር የያዘው ሰው ስለ ሕመሙ ሲነግርዎት አያጋንንም፤ እኔ ምስክር ነኝ። በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ጥገናዬ ቀን ደርሶ ተጋድሜ ሳለሁ፥ ከአጠገቤ ትልቅ ቴሌቪዥን ቆሞ አየሁ። ሐኪሙም ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እርሱ አዙሮ ከፍ ዝቅ ያደርገው ነበር። ፍርሃቴን መቈጣጠር አቅቶኝ፥ «ዶክተር፥ ምነው? እኔን ይመልከቱ እንጂ!» አልሁ። እርሱም ፈገግ ብሎ፥ «ሲድኑ እነግርዎታለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቃሉን አላጠፈም። በቀጠሮዬ ቀን ተማሪዎች እጃቸውን ወደሚያለማምዱበት ክፍል ወሰደኝ። በዚያ ካሜራና መብራት ያለበት የተዘጋ ሣጥን ነበረ። ሁለት ረዣዥም መቈንጠጫዎች ሰጠኝና፥ «ስክሪኑን እያዩ ሽምብራዋን ያንሡ» አለኝ። አምስት ጊዜ ሞክሬ አምስት ጊዜ አየር ጨበጥሁ።

ምክንያቱን ለመረዳት፥ እርስዎም አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማግባት ይሞክሩ። ሁለቱ ዓይኖቻችን 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው አንዱን ነገር ከየአቅጣጫቸው ያያሉ፤ አእምሮም ሁለቱን ሥዕል አዋሕዶ የቱ ቅርብ፥ የቱ ሩቅ እንደ ሆነ ይለያል። ተራው ስክሪን ግን የአንድ ዓይን ሥዕል ብቻ ይሰጣል።

ነገሩ ጥንት አለው። ፊሊፕ ቦዚኒ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1806 የሰውን የውስጥ አካል በሻማ ብርሃን የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ። ከእርሱም በኋላ ለብዙ ዘመን ሐኪሙ ዓይኑን ከቱቦው ጫፍ ለጥፎ ብቻውን ያይ ነበር። በ1980ዎቹ ትንንሽ ካሜራዎች ሲመጡ ሥዕሉ በስክሪን ላይ ዋለ፤ ረዳቱም፥ ነርሷም፥ ተማሪውም አብረው ለማየት በቁ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ሌንስ ጎን ለጎን ይዞ ለየዓይኑ የየራሱን ሥዕል የሚያደርስ መሣሪያ አለ። አንዳንዱ በልዩ መነጽር ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ እንደ ተፈቀደው እንደ ዳ ቪንቺ ሮቦት ያለውን ደግሞ ሐኪሙ ፊቱን አስጠግቶ በሁለት ዓይኑ ያየዋል።

«የእኔስ በዚህ ተሠራ?» አልሁት።

«የለም፤ በተራው ስክሪን ነው» አለኝ። ደነገጥሁ። እርሱ ግን፥ «ዓይኔ በብዙ ልምድ ከጥላውና ከካሜራው እንቅስቃሴ ጥልቀቱን መገመት ለምዷል። ሆኖም የሐሞት ከረጢቱ ቱቦ ከጉበት ከሚወርደው ዋና ቱቦ ጋር ይገናኛል፤ ዓይን ተሳስቶ ዋናው ቢቈረጥ ለሕመምተኛው ታላቅ መከራ ነው። ስለዚህ ለይቼ ሳላይ አልቈርጥም። ስክሪኑ ከፍ ሲል አንገቴን ያመኛል፤ ፊት ለፊቴ ከዓይኔ ጥቂት ዝቅ አድርጌ ሳስተካክለው ነበር እርስዎ የተቈጡኝ» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት።

በማግሥቱ በመሥሪያ ቤቴ አንድ ባለ ጉዳይ ፊቴ ቆሞ ሲያስረዳኝ፥ ዓይኔ ከወረቀቱ አልነሣ አለ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ትዝ አለኝ። እርሱ በስክሪኑ ውስጥ የሚያየው እኔን ነበር። እኔ በወረቀቱ ውስጥ ማንን አያለሁ? እርስዎስ፥ አንባቢ ሆይ?