ጫካውም ቆሌ አለው

እንግዲህ ዛሬ ፖለቲካውን ለሌሎቹ ዓምደኞች ትተን ስለ ዛፍ እናወራለን። «እኛ» ስንል ኦስሎ የምንኖር አራት ሐበሻ ሴቶች ማለታችን ነው። ከመካከላችን በጋዜጠኝነት የተመረቀችው አንዷ ብቻ ስለሆነች ብዕሩ ለሷ ተሰጥቷል፤ ሐሳቡ ግን የአራታችንም ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የኖርዌይ ክረምት ምን እንደሚመስል ላልቀመሰው ለማስረዳት ይከብዳል። ዲሴምበር ላይ ኦስሎ ውስጥ ፀሐይ ጠዋት ሦስት ሰዓት አልፎ ትወጣና ዘጠኝ ሰዓት ሲል ትጠልቃለች። ጨለማ ውስጥ ወደ ሥራ ሄደን ጨለማ ውስጥ እንመለሳለን። ጎረቤት ሲያገኘን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ስልኩን ስንከፍት ደግሞ የሀገር ቤት ዜና አለ። ከ2020 እስከ 2022 የሰሜኑ ጦርነት፣ በ2023 ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ የተቀሰቀሰው ውጊያ። የደወልነው ዘመድ ስልክ አልነሣ ሲል ሌሊቱን የምናሳልፈው ጣሪያ እያየን ነበር። እንቅልፍ የሚሉት ነገር ጠፋ።

ያዳነን ባቡር ነው ብንል አታምኑንም። የከተማው ባቡር አምስት ቁጥር መስመር የሚያልቀው ሶንግስቫን ከሚባል ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቁን በእግር ለመዞር ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከሐይቁ ወዲያ ያለው ጫካ ነው፤ ጫካ ብቻ። መግቢያ ትኬት የለም፣ ዘበኛ የለም፣ «የት ነሽ? ከየት መጣሽ?» የሚል የለም። በ1957 በወጣው ሕጋቸው መሠረት ያልታረሰ መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ማንኛውም ሰው በእግሩ መሄድ፣ የዱር ፍሬ መልቀም፣ ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር ርቆ ድንኳን መትከል ይችላል። መታወቂያ ለማደስ ስንት ጊዜ ለተሰለፍን ለእኛ፣ ማንም ወረቀት የማይጠይቀን ቦታ ማግኘት በራሱ ዕረፍት ነበር። ደጅ ወጥቶ መዋልን «ፍሪሉፍትስሊቭ» ይሉታል። ቃሉን ሄንሪክ ኢብሰን በ1859 በጻፈው ግጥም ውስጥ ተጠቅሞበታል።

ጀበናችንን ይዘን እንሄዳለን። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ ቡናው በአብዛኛው የበረዶ ወራት ቡና ነው። ሦስተኛው እስኪወርድ እግራችን ይደነዝዛል፤ ግን ያን ቀን ማታ እንተኛለን።

ከጫካው ጋር ተረቱ መጣ። የዚህ ሀገር ሰዎች እያንዳንዱ የገበሬ ግቢ «ኒሴ» የሚባል አጭር ሽማግሌ ጠባቂ አለው ብለው ያምኑ ነበር። ኒሴ ከብቱን ይጠብቃል፣ ቤቱን ይባርካል፣ ካስቀየሙት ግን ይቀጣል። ይህን ስንሰማ አራታችንም በአንድ አፍ ያልነው አንድ ቃል ነው፤ ቆሌ! የቤት ቆሌ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? በገና ዋዜማ ለኒሴው ገንፎ ከነቅቤው ያስቀምጡለታል። አንድ ጊዜ ቅቤ የሌለበት መስሎት ተናዶ ላሟን ገደላት፤ ገንፎውን ሲጨርስ ግን ቅቤው ከሥር ተቀብሮ አገኘው ይባላል። ገንፎው የኒሴ ብቻም አይደለም፤ በድሮ ጊዜ ጎረቤት ሴቶች ለአራስ ገንፎ ይዘው ይሄዱ ነበር። ገንፎ፣ ቅቤ፣ አራስ ጥየቃ! የሰው ልጅ ከዚህ በላይ እንዴት ይቀራረባል?

ዛፉም አለ። በየገበሬው ግቢ መሐል አንድ የተከበረ ዛፍ ይኖር ነበር፤ አይቆረጥም፣ ቅርንጫፉ አይሰበርም፣ በገና ሥሩ ላይ ጠላቸውን ያፈሱለታል። አያቶቻችን ቅቤ ይቀቡት የነበረውን የአድባር ዛፍ አስታወሰን። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ (1707–1778) እንኳ የቤተሰቡ ስም የመጣው በአባቱ ቤተሰብ ርስት ላይ ከነበረ ትልቅ ዛፍ ነው።

ከሁሉ የገረመን ግን ጁን 23 ማታ ነው። «ሳንክት ሃንስ» ይሉታል፤ ቅዱስ ዮሐንስ ማለት ነው። በመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ዋዜማ ባሕር ዳር ትልቅ እሳት ያነዳሉ። ልጃገረዶች ሰባት ዓይነት አበባ ቃል ሳይተነፍሱ ለቅመው ትራሳቸው ሥር ያደርጋሉ፣ የወደፊቱን ባል በሕልም ለማየት። እኛስ? አዲስ ዓመታችን ቅዱስ ዮሐንስ ይባል የለም? በዋዜማው ችቦ አይበራም? ልጃገረዶች አደይ አበባ ለቅመው በየደጁ አይዞሩም? ወራቱ ይለያያል፣ ጻድቁ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። ጣጣው ሁለት ነው።

አንደኛው ከቤት ነው። የአንዳችን እናት በስልክ፣ «ልጄ፣ ዛፍ ሥር ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት።

«ቡና እንጠጣለን እማዬ።»

«ቡናውስ ለማን ነው የሚፈላው?»

የእናት ፍርሃት ነውና አንስቅበትም። ለአድባር መስገዳችን አይደለም፤ እምነታችን እምነታችን ነው። ግን የኖርዌይን ተረቶች ከ1841 ጀምሮ ሰብስበው ካሳተሙት ሁለት ጓደኛሞች አንዱ፣ ዮርገን ሙ፣ በኋላ ጳጳስ የሆነ ሰው ነው። የሕዝቡን ተረት መመዝገብና ጣዖት ማምለክ አንድ እንዳልሆኑ ያ ጳጳስ ገብቶት ነበር።

ሁለተኛው ይከፋል። ይህን የቀደምት ቅርስ «የነጭ ደም ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። የኖርዲክ ተቃውሞ ንቅናቄ የሚባለው የናዚ ቡድን «ቲር» የተባለውን ጥንታዊ የሩን ፊደል አርማው አድርጎታል፤ በ2024 አሜሪካ በአሸባሪነት መዝግባዋለች። ጫካ ውስጥ ያ ምልክት ያለበት ጃኬት የለበሰ ሰው ቢገጥመን ምን እናደርጋለን ብለን ተነጋግረንበታል። መልሳችን ይህ ነው፤ መሄዱን አንተውም። ኒሴ ላም የሚጠብቀው ለገበሬ ነው፣ ለዘር አይደለም። ገንፎ በቅቤ የበላ ሁሉ ተረቱ ይገባዋል።

እውነቱን ለመናገር የሰው ሀገር ተረት ያረጋጋን አዲስ ነገር ስለነገረን አይደለም። የራሳችንን ስላስታወሰን ነው። ብዙዎቻችን ከአድባር ጋር ያለን ትውውቅ «ቆሌው ተገፈፈ» ከሚል ስድብ አያልፍም። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ነባሩ ደን ተጨፍጭፎ በአብዛኛው የተረፈው አብያተ ክርስቲያናቱን የከበበው ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድርም ከነቅዱሳን ደኖቹ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዛፉን ያቆመው አጥር ብቻ አይደለም፤ ሰው ለዛፉ የነበረው ክብርም ነው።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። «እማማ፣ በልጅነትሽ መንደራችሁ ውስጥ የማይቆረጠው ዛፍ የቱ ነበር?» በሏቸው። እኛ ጠይቀናል። አንዷ አያት ዋርካውን ጠሩ፣ ሌላዋ ሾላውን፤ ሦስተኛዋ ረጅም ዝም ካሉ በኋላ «ቆርጠውታል ልጄ» አሉ። አራተኛዋ ያሉበት መንደር ኔትወርክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። እስኪመጣ እየደወልን ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።